ናሙና እጅ

በ2061 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰዎች ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚገቡት ቀኝ እጃቸውን በቀለበት አሾልከው ነበር። ቀለበቱ ከፋብሪካው በር ጎን ግድግዳ ላይ የተተከለ ነጭ ሸክላ ነው፤ የውስጡ ስፋት ሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር። አውራ ጣትን መዳፍ ውስጥ መደበቅ፣ አራቱን ጣቶች ማጣበቅ፣ መግፋት። እጅ እስከ አንጓው ካለፈ በሩ ይከፈታል። ካላለፈ በሩ ዝም ይላል። አይጮህም፣ መብራት አያበራም፣ ዘበኛ አይጠራም። ባለ እጁ ወደ ቤቱ ይመለስና በማግስቱ ይሞክራል። ሦስት ቀን በተከታታይ ያላለፈ ሰው በአራተኛው ቀን የምስጋና ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው አጭርና ትሁት ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ አያጽናኑም።

ሩሐማ ታምራት በዚህ ቀለበት አሥራ አንድ ዓመት አልፋለች። አንድም ቀን በሩ ዝም ብሏት አያውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከኋላ ያያት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትመስለዋለች፤ ከፊት ያያት ግን እናቷ መጣች ይላል።

ሥራዋ አስገቢነት ነው። አስገቢ ማለት እጁን ሞተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ነው፣ ሌላ ትርጉም አትፈልጉለት። የውድድር መኪና ሞተር ሕጉ በሚሰጠው ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ሳጥኑ በየጊዜው ይጠባል፤ ውስጡ እንዲገባ የሚታዘዘው ዕቃ ግን ይጨምራል። ግማሹ ጉልበት ከነዳጅ፣ ግማሹ ከኤሌክትሪክ ይሁን ከተባለ ወዲህ ባትሪው ተንሰራፋ፣ ጀነሬተሩ ከቱርቦው ጋር በአንድ ዘንግ ተጣመረ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦው በተገኘበት ቀዳዳ ሁሉ ተጠማዘዘ። ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃላቸው ላይ ሸለቆ ይሠራሉ፤ ቱርቦው የሚተኛው እዚያ ነው። ከቱርቦው ሥር የሚጠብቁ ሰባት ዳዶዎች አሉ። ሰባቱንም ዓይን አያያቸውም፣ የሚያውቃቸው እጅ ብቻ ነው።

ማሽን ሸለቆው ውስጥ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም። ስፖርቱ የሰው ይሁን ተብሎ ነው። ከውድድር በፊት ቴሌቪዥኑ እጆቹን ቀረብ አድርጎ ያሳያል፤ ተመልካች እጅ ሲያይ ደስ ይለዋል ይባላል። የሩሐማ ቀኝ እጅ ያጠበቀው ሞተር ሦስት ጊዜ የዓለም አሸናፊ ሆኗል። ፊቷን የሚያውቁት ግን ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሃምሳ ስምንት ሚሊ ሜትር የሚሆን የአዋቂ ሰው እጅ ከየት ይመጣል? ከሆድ ነዋ።

ሩሐማ ጠዋት አንድ ስኒ የአጃ ውሃ ትጠጣለች። ከፋብሪካው የሚላከው ቀዝቃዛ አውቶቡስ ሠራተኛውን ከየደጁ ያነሣል። ድሬን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ግንቦት ላይ ጥላው ራሱ ያልበዋል፤ በሙቀት ያበጠ እጅ ደግሞ በቀለበት አያልፍም። አውቶቡሱ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲያልፍ የፈጢራ ሽታ እንዳይገባ መስኮቱ ታሽጓል። ስድስት ሰዓት ላይ ፋብሪካው የምሳ ሰዓት ይሰጣል። የምሳ ሰዓት መከልከል ያስቀጣል፣ ፋብሪካው ደግሞ ሕግ አክባሪ ነው። ሃያ ሁለቱ አዳራሽ ይገባሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ከበው አንድ ሰዓት ሙሉ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ታጠቡ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ የለመዱት ነው። ማታ ጨው የሌለው የተቀቀለ ጎመን አለ። ሠርግ ላይ አስገቢዎች የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ይታወቃል። ሳህኑ እንደቀረበ ይነሣል፣ ጠሪውም አይቀየምም፣ አብሯቸው ፎቶ ተነሥቶ ይሸኛቸዋል።

ከሩሐማ አጠገብ የሚሠራው ሚፍታህ የሚባል የገንደ ቆሬ ልጅ ነው። አርባ ዓመቱ ነው፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው፣ ቀልድ ካላወራ እጁ አይሠራም።

«ሩሑ፣» ይላታል ክንዱ ሸለቆው ውስጥ እንዳለ፣ «ጀነት ከገባሁ መጀመሪያ የማዘው ፈጢራ ነው። የጀነቱ ካልጣፈጠኝ ተመልሼ ወደ ድሬ ነኝ።»

«መጀመሪያ በሩን እለፍ፤» ትለዋለች።

«አቦ፣ እዚያም ቀለበት አለ እንዴ?»

ይሄን ይሄን ሲያወሩ ቀኑ ይመሻል። ካቻምና ግን አንድ ቀን ማንም አላወራም። ሰናይት የምትባል አስገቢ እጇ ሸለቆው ውስጥ እንዳለ ሞተች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ሕያው እጅ ተሰብስቦ ይወጣል፣ የሞተ እጅ ግን አይሰበሰብም። ሩሐማ በወዲያኛው ጎን እጇን አስገብታ፣ ጉንጯን ከሰናይት ትከሻ አስጠግታ፣ ሰባቱን ዳዶዎች አንድ በአንድ ፈታች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ሬሳው ከወጣ በኋላ ሞተሩ እንደገና መገጣጠም ነበረበት፤ እሱንም የገጣጠመችው እሷ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሩሐማ የሰናይትን እናት መንገድ ላይ ስታይ ትሸሻለች። ለምን ብትሉ፣ ሃምሳ ስምንት የሚባለውን ቁጥር ያመጣሁት እኔ ነኝ ብላ ስለምታምን ነው። ሌላ ሰውም እንዲያ ይላል፣ ፊት ለፊቷ ባይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከ2050 በፊት ቀለበት የሚባል አልነበረም። የውድድር ቡድኖቹ ሸለቆውን ያጠብቡታል፣ ያጠብቡታል፣ የሠራተኛ ጣት ይቀጠፋል፣ እነሱ ደግሞ ያጠብቡታል። የውድድሩን ሕግ የሚያወጣው ፌዴሬሽን ለሠራተኛው አዘነና አንድ አንቀጽ አወጣ፦ ማንኛውም የእጅ መግቢያ ከናሙናው እጅ አይጠብም። ደግ አንቀጽ ነው። ናሙናው የማን እጅ ይሁን ሲባል በሥራቸው የታወቁት የድሬዳዋ አስገቢዎች ተመረጡ፤ ሃያ ሁለቱ ይለኩ፣ አማካዩ ለዓለም ሕግ ይሁን ተባለ። ያን ለታ ሰፈሩ ጨፍሯል።

ለኪው ከፌዴሬሽኑ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመዋል። ክርስቲያኑ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ሙስሊሙ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ላይ ነው። ሃያ ሁለቱም ጾመኛ ናቸው። ባለትዳሮቹ የጋብቻ ቀለበታቸው እየወለቀ አስቸግሯቸው ክር ጠምጥመውበታል። ለኪው እጃቸውን ከለካ በኋላ ቅጽ አወጣ። እንግሊዝኛ የምትችለው ሩሐማ ስለሆነች ለሁሉም የሞላችው እሷ ናት። ዘጠነኛው ጥያቄ «ተለኪዎቹ በአሁኑ ወቅት በተለየ የአመጋገብ ሁኔታ ላይ ናቸው?» ይላል።

የእናንተን አላውቅም፣ ድሬ ግን ሰው ጾሙን አያወራም። ጾመኛ ነኝ ያለ ሰው ውዳሴ ከንቱ ፈለገ ይባላል፣ ጾሙም ከንቱ ይቀራል። ሩሐማ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የነበራት ልጅ ናት፣ ብዕሯን እንደያዘች ወደ ሚፍታህ ዞር አለች።

«ስለ ምግብ ይጠይቃል። ምን ልበለው?»

«እሱ በኔና በአላህ መሃል ነው። ፈረንጁን ምን አገባው?»

«የለም» ብላ ጻፈች። ሁሉም ፈረሙ። ለኪው አመስግኖ ሄደ።

አማካዩ ሃምሳ ስምንት ሆኖ ታተመ። ከዚያ ዒድ መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ ሰው በላ። መስከረም ላይ በአዲሱ ሕግ የተሠራው ሞተር ሲደርስ ከሃያ ሁለቱ እጁ የገባለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ታይፎይድ ታሞ ገና የተነሣ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባቸው። ሩሐማ ለፋብሪካው ተናገረች። ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ጻፈች። ሕጉ እስከ 2061 ተቆልፏል፣ ስለተሳትፎዎ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣላት። ጾሙም ቀጠለ፤ መያዣ እንጂ መፍቻ የሌለው ጾም ሆነ።

አሁን 2061 ደረሰ። ሕጉ ይታደሳል፣ ናሙናው እጅም እንደገና ይለካል ተባለ።

ሩሐማ ወሬውን የሰማችው ከኢንጂነር ናሆም ነው። ናሆም የአቀማመጥ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የቱ ዕቃ የት ይተኛ፣ የቱ ቱቦ በየት ይዙር የሚለውን የሚወስን፣ ጨዋ፣ ወጣት፣ ምሳ የሚበላ ሰው። የሚቀጥለውን ሞተር ሥዕል በአየር ላይ ዘርግቶ አሳያት።

«ጀነሬተሩ አድጓል፤ ሳጥኑ ግን አላደገም፣» አላት። «ይታይዎታል ወይዘሮ ሩሐማ? ቱርቦው አራት ሚሊ ዝቅ ቢል የመኪናው ክብደት መሬት ይይዛል፤ ማንም አይደርስብንም። እንቅፋት የሆነብን ይቺ ክፍተት ብቻ ናት።»

«ይቺ ክፍተት ምንድን ናት?»

«የእጅ መግቢያው ነው።»

«የኔ እጅ ማለትዎ ነው?»

«ሥዕሉ ላይ እንኳን ባዶ ቦታ ነው የሚመስለው፣» አለ ናሆም ፈገግ ብሎ። «እኛ ደግሞ ባዶ ቦታ አንወድም።» ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን ነበር የሚያወራው።

ልኬቱ ሰኞ ግንቦት 12 ሆነ። ሩሐማ ቀኑን ስትሰማ በጣቷ ቆጠረች። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ናቸው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፤ ረመዳንም ሩቅ ነው። ከዚያም በላይ ከሐሙስ እስከ እሑድ ፋብሪካው ለማሽን ቅየራ ይዘጋል። አራት ቀን ቀለበት የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለመነችው ይሄን ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ዶሚኖው ተዘርግቶ ሳለ፣ ሩሐማ ተነሥታ ቆመች።

«እንብላ፤» አለች።

ሃያ አንዱ ቀና ብለው አዩአት።

«ከነገ ጀምሮ አራት ቀን እንብላ። ጨው እንብላ፣ ውሃ እንጠጣ፣ ፀሐይ ላይ እንዋል። ሰኞ የሚለካው ያኛው እጃችን ይሁን፣ አምላክ የሰጠን። አማካዩ ስልሳ ሁለት ቢሆን ስልሳ ሁለት ሕግ ይሆናል። ቀለበቱም ስልሳ ሁለት ይሆናል። ሰው ሆነን እንኖራለን።»

«ሌላው ባይበላስ?» አለች አንዲት ከኋላ የተቀመጠች።

ጥያቄው የሁሉም ነበር። ሁሉም አብሮ ከበላ ሁሉም ዳነ። ሌላው ጾሞ አንዱ ብቻ ከበላ ግን ቀለበቱ ይጠብና የበላው ሰው አለቀለት፤ በአራት ቀን ያበጠ እጅ በወርም አይከሳም። ይሄን ለማስላት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

«እንማማል፤» አለች ሩሐማ። «ያኔ በኔ ብዕር ተሳሳትን። አውቃለሁ፣ ምን እንደምትሉኝም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እመኑኝና ላስተካክለው።»

ማሉ። ክርስቲያኑም በሚምልበት፣ ሙስሊሙም በሚምልበት፣ ሃያ ሁለቱም ማሉ። ሚፍታህ ዶሚኖውን እያፈረሰ፣ «እኔ ወላሂ በአንድ ቀን ስልሳ አምስት አስገባዋለሁ፣ ሌሎቻችሁ ለራሳችሁ እወቁ፣» አለና አሳቃቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሩሐማ ከዚራ ወርዳ ፈጢራ ቤት ገባች። አሳላፊው አወቃት።

«ይጠቅለልልሽ? ለልጆች ነው?»

«እዚሁ ነው የምበላው።»

ልጁ ዞር ብሎ ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ ደግሞ እጇን አየ። ከዚያ እንቁላል የተመታበት፣ ማር የፈሰሰበት ትኩስ ፈጢራ ፊቷ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ አቆየችው፤ መንጋጋዋ እንዴት እንደሚደረግ ረስቶ ነበር። ሁለተኛውን ዋጠች። ሦስተኛው ላይ ሆዷ አልቀበልም አለ። ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ዛፍ ደግፋ አስመለሰች፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ተመልሳ ተቀመጠችና ቀሪውን በትንሽ በትንሹ ጨረሰች። ስትበላ እንባዋ ይወርዳል። ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ በማለቷም ሰናይትን አስባ አፈረች፣ ያም ሆኖ መብላቷን አላቆመችም።

ዓርብ ሩዝ በሥጋ በላች፣ ጨው እፍኝ ሙሉ ጨመረችበት። ከሰዓት በኋላ በደቻቱ ወንዝ ዳር በፀሐይ ተመላለሰች። ቅዳሜ ለገሃሬ ላይ ሚፍታህን አገኘችው፤ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ በፌስታል አንጠልጥሎ በጥላው በኩል ይሄዳል፣ ገጹ ገርጥቷል።

«ምነው ደከመህ?»

«ጠግቤ ነው እንጂ፣» አላት። «ጥጋብም ለካ ያደክማል ሩሑ። አልተለማመድኩም።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ግን ቶሎ ነበር የተሰናበታት። እሑድ ማታ የእጇ ጀርባ ላይ ገመድ ይመስሉ የነበሩት ጅማቶች ጠፉ። ጣቷን ስትጭንበት ሥጋ አገኘች። የገዛ እጇን እያገላበጠች ስታይ አምሽታ ተኛች፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍም ከተኛች ዘመን አልፏል።

ሰኞ በሩ ለልኬቱ ሲባል ያለ ቀለበት ተከፈተ፤ ሃያ ሁለቱ በአዳራሹ ተሰለፉ። ለኪው ያው ያኔ የመጣው ሰውዬ ነበር፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ አማርኛ ተምሯል። ኢንጂነር ናሆም ከጎኑ ቆሞ የሚጠራውን ቁጥር ይይዛል። ሩሐማ ልቧ ስለቸኮለ ፊት ሆና ተሰለፈች። እጇን በመለኪያው አሳለፈች።

«ስልሳ አንድ ተኩል፤» አለ ለኪው።

ፈገግ ብላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ማንም አላያትም። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። ያን ጊዜ ነው ከንፈራቸውን ልብ ያለችው፤ ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል።

«ሃምሳ ሦስት።»

«ሃምሳ አራት።»

«ሃምሳ ሦስት ተኩል።»

ለኪው እንደ ታክሲ ረዳት በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጠራል፣ ናሆም ይይዛል። አንዷ አስገቢ ወንበር ተደግፋ ነበር የቆመችው፤ ስትለካ ወንበሩን ለቀቀችና ተንገዳገደች። ሚፍታህ አሥራ ዘጠነኛ ነበር። ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዋን ነካው።

«ሃምሳ አምስት።»

ሃያ ሁለተኛው ሰው ሲያልቅ ለኪው መነጽሩን አወለቀ። «አማካዩ ሃምሳ አራት ነው። አንዱ እጅ ከመደበኛው ውጭ ስለሆነ አልተካተተም።»

ናሆም ሥዕሉን ከፍቶ ቱርቦውን በጣቱ ዝቅ አደረገው። አራት ሚሊ ወረደ፤ ልክ ሆኖ ገባ።

«ይቅርታ፣» አለች ሩሐማ። «እነዚህ ሰዎች አልበሉም። ይዩአቸው፣ መቆም አልቻሉም። ያኔም ስትመጡ ጾመኞች ነበርን። ቅጹ ላይ የለም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሕጉ የቆመው በኔ ውሸት ላይ ነው፤ ይሰረዝ።»

ለኪው መነጽሩን ጠረገ። ሽማግሌ ነው፣ ጡረታው ተቃርቧል፣ ምናልባት ለዚያም ነው የተናገረው።

«እርስዎ ነዎት ለካ። ደብዳቤዎችዎን አንብቤአለሁ፤» አላት። «ያኔም እናውቅ ነበር እኮ። ወሩን የመረጡት ቡድኖቹ ናቸው። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ የሚውሉበት ዓመት እስኪደርስ ነው ልኬቱ የዘገየው።»

«ጥያቄውስ? ቅጹ ላይ የጠየቃችሁን?»

«ጥያቄውን ያስገባነው 'የለም' ብላችሁ እንደምትፈርሙ ስለተነገረን ነው። የእናንተን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ነገሩን። ፊርማው ያስፈልግ ነበር።» ወረቀቱን ሰበሰበ። «ራስዎን አይውቀሱ።»

አሥራ አንድ ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖራ፣ በሁለት ቃል ወቀሳውን ተቀበላት። ቀለል ይላታል ብላችሁ ነበር? አልቀለላትም። እንዲያውም ያ ጥፋት የሷ በሆነ ይሻላት ነበር፤ ጥፋቱ የሷ ከሆነ ማስተካከሉም የሷ ነበር። አሁን የያዘችው ነገር የለም። እምነቷን እንኳን አስቀድመው ለክተውባታል።

ከፋብሪካው ደጅ የኒም ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ አለ። እጇ ከእንግዲህ በቀለበቱ አያልፍም፤ አውቶቡሱ ዛሬ እሷን እንደማይጭን ስለገባት እዚያ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ሚፍታህ መጣና አጠገቧ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ተቀመጠ።

«ተማምለን አልነበር?» አለችው።

«ተማምለን ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሩሑ፣ ተይኝ አቦ።»

«አልተውህም። ሌላው ሌላው ይሁን፣ አንተ ንገረኝ።»

ሚፍታህ ምራቁን ለመዋጥ ሞከረ፣ ምራቅ አልነበረውም። «አንቺ አትበይም ተብሎ ነው።»

«ምን?»

«ያኔ ቅጹን የሞላሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ብሉ ያልሽው አንቺ ነሽ። ሁላችንንም አሳብጣ ልታስወጣን፣ ብቻዋን ልትቀር ነው ተባለ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወሬው ሁሉም ቤት ደርሷል።»

«ሐሙስ እኮ በላሁ። ከዚራ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በላሁ።»

«አይተውሻል። ከጓሮ ሄደሽ ስታወጪውም አይተውሻል። ለታይታ በልታ አስመለሰችው አሉ።» አንገቱን ደፋ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይባል የለ።»

ሩሐማ ለማስረዳት አፏን ከፈተች። ሆዴ አልቀበል ብሎኝ ነው፣ ተመልሼ ጨርሼዋለሁ ልትለው ነበር። ማንን ታስረዳለች? ቁጥሩ ተጽፏል።

«አንተም አመንክ?» አለችው።

መዋሸት ይችል ነበር፣ ቀልድም ያውቅ ነበር፣ ሁለቱንም ተዋቸው።

«ሁለት ልጆች አሉኝ ሩሑ። ግማሽ ልቤ አላመነም። በግማሽ ልብ ግን አይበላም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ከበሩ ቆመ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ገቡ፤ ሲያልፉ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሚፍታህ አልተነሣም። አንድ ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ታያለች።

«በለው፤» አለችው።

«እኔ ሃምሳ አምስት ነኝ፤» አላት። «መስከረም ላይ ቀለበቱ ሃምሳ አራት ይሆናል። አንዲት ሚሊ ናት የቀረችኝ። ከዚህ በላይ የምቀንሰው ምግብ ደግሞ የለኝም፣ አራቱን ቀን ውሃ ነው የጠጣሁት። አንቺ በሩ አንድም ቀን ዝም ብሎሽ አያውቅም...» ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። «እንዴት ነበር የምታደርጊው?»

ሩሐማ ተናደደች። በጥፊ ልትለውም ዳድቷት ነበር፤ አሁን ደግሞ ለጥፊ የሚሆን እጅ አላት። ከዚያ እጁን አየችው። አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው፣ የት የት እንደሚያስቸግረው ከሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሳታስበው አንሥታ ያዘችው። አውራ ጣቱ ሥር ያለውን ጡንቻ በሁለት ጣቷ ጨበጥ አደረገችው።

«ችግርህ እዚህ ጋ ነው፤» አለችው። «ምግብ አይደለም። ይሄ ጡንቻ ነው የሚይዝህ።»

«ምን ላድርገው?»

«አታሠራው። ከሸለቆው ውጭ በዚህ እጅ ምንም አትያዝ። ማንኪያ አትያዝበት፣ በር አትክፈትበት፣ ልብስ አትጭመቅበት። ያልሠራ ጡንቻ ይመነምናል። እስከ መስከረም አንዲት ሚሊ ይሰጥሃል፣ እኔ ሁለት ወር ነው የፈጀብኝ።»

«ልጆቼንስ? ትንሿ ሳላቅፋት አትተኛም።»

ሩሐማ እጁን ጭኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት።

«ልጆችህንም አትሸከምበት፤» አለችው።

ሚፍታህ ራሱን ነቀነቀ። የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ብድግ አለና ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሲሰናበታት የዘረጋላት ግራ እጁን ነበር፤ ሩሐማም ጨበጠችው።